«ምሕረት» ብለን ስንፈልግ፦ ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችና የግል የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በሲኤምሲ በኩል የሚመላለስ ሰው የሳሊተ ምሕረትን ስም በብዙ ዓይነት ፊደል ተጽፎ ያገኘዋል። አንዱ ማስታወቂያ «ሳሊተ ምሕረት» ይላል፤ ሌላው «ሳሊተ ምህረት»፤ ሌላው ደግሞ «ሰዓሊተ ምህረት»። የሰፈሩ ስም በዚያ ካለው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ሲሆን፣ በግእዝ «ምሕረትን የምትለምን» ማለት ነው። (በ«ዓ» ሲጻፍ ግእዝ ዐዋቂ ሥዕል የምትሥል ሴት ታስበው ይሆናል፤ ይህን ግን እንለፈው።) ለሚያነብ ሰው ሁሉም አንድ ሰፈር ነው፤ ለኮምፒውተር ግን «ምሕረት» እና «ምህረት» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው።

የጀመርሁት ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም በነፃ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ፕሮግራም መጠቀም የሚጀምር አገልጋይ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። «ምህረት» ብሎ ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ «ምንም አልተገኘም» ይለዋል፣ እርሱም ፕሮግራሙን ዘግቶ ይተወዋል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው ትርጉም ቃሉ የተጻፈው በ«ሕ» ነው። ስለዚህ በ«ሀ»፣ በ«ሰ»፣ በ«አ» እና በ«ጸ» ዘሮች የሚጻፍ ቃል ሲፈልጉ ሁሉንም አጻጻፍ ይሞክሩ። የመጨረሻውን ፊደል መተውም ይጠቅማል፦ «ምሕረ» ብለው ቢጽፉ «ምሕረቱ»ን፣ «ምሕረትህ»ን፣ «በምሕረት»ን አንድ ላይ ያገኛሉ፤ ፕሮግራሙ ሙሉ ቃል ብቻ እንዲፈልግ የታዘዘ ከሆነ ያንን ትእዛዝ ያጥፉት። «ማረኝ» የሚለው ግን እንዲህም ቢሆን ያመልጥዎታል፤ ግሡን ለብቻው መፈለግ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ፕሮግራሞቹ። ብዙዎቻችን በስልካችን ያለው ዩቨርዥን በ2008 እ.ኤ.አ. ለስልክ የቀረበ ሲሆን፣ ለማንበብና ለማድመጥ መልካም ነው፤ የዕብራይስጡን ወይም የግሪኩን ቃል ለማጥናት ግን አልተሠራም። ለጥናት በዊንዶውስ ኮምፒውተር ኢ-ሶርድ ወይም ዘወርድ፣ በአንድሮይድ ስልክ አንድባይብል፣ በሊኑክስም በዊንዶውስም ዚፎስ አሉ። በካምብሪጅ የሚገኘው የቲንደል ሃውስ የምርምር ማዕከል ያዘጋጀው ስቴፕ ባይብል ደግሞ በኢንተርኔትም፣ አውርደው በኮምፒውተር ላይ ጭነው ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ስቴፕን ነው። ቃሉን ሲነኩት ዕብራይስጡን፣ ትርጉሙንና የሚገኝባቸውን ጥቅሶች በአንድ ገጽ ያሳያል፤ ፊደሉን የማያነብ ሰውም አይጠፋበትም። ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ቀንና ቦታ አንድ ጊዜ ካወረዱ በኋላ የገጠር አጥቢያም ቢሆን ችግር የለም።

«ነፃ» የሚለው ቃል ግን ሁለት ነገር ይይዛል። አንድባይብልና ዚፎስ ማንም ሊቀዳቸውና ለሌላው ሊሰጣቸው በሚፈቅድ ውል የወጡ ናቸው። ኢ-ሶርድ በዊንዶውስ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ለማክና ለአይፓድ የተዘጋጀው ግን ይሸጣል፣ አንዳንድ መጻሕፍቱም እንዲሁ። ይህን የምለው በመካከላችን ስላለ አንድ ልማድ ነው። በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ የጥናት ፕሮግራም «ክራክ» ተደርጎ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይቻለሁ፤ ተማሪ ሳለሁ የእኔም ላፕቶፕ ላይ ነበረ። «ለቃሉ ጥናት ስለሆነ» እንል ነበር። እሑድ ስለ ስምንተኛው ትእዛዝ የሚሰብክ ሰው ቅዳሜ ስብከቱን የሚያዘጋጅበት መሣሪያ የተሰረቀ ቢሆን ምን እንላለን? ድህነታችን እውነት ነው፤ ነገር ግን ለዕለት ዝግጅት የሚያስፈልገን አብዛኛው ነገር በሕጋዊ መንገድ ያለ ክፍያ ስለሚገኝ ሰበቡ እንኳ አይቆምም።

መሣሪያው ምን እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንየው። በ1954ቱ ትርጉም መዝሙር 136ን ይክፈቱ። በሃያ ስድስቱም ቁጥሮች «ምሕረቱ» የሚለው ቃል ይደጋገማል። ከጎኑ ዕብራይስጡን ሲያደርጉ ቃሉ «ሔሴድ» እንደሆነ ያያሉ፤ በስትሮንግ አቈጣጠር 2617 ነው። አሁን ወደ መዝሙር 51 መጀመሪያ ይሂዱ። እዚያም «ምሕረት» አለ፤ በዕብራይስጡ ዐምድ ግን በስፍራው ያለው ሌላ ቃል ነው፦ «ራሐሚም»፣ 7356። «ሔሴድ»ስ የት ሄደ? በዚያው ቁጥር ላይ አለ፤ የአማርኛው ተርጓሚ ግን እዚህ «ቸርነት» ብሎታል። እንግዲህ አንዱ አማርኛ ቃል ሁለት የዕብራይስጥ ቃላትን ይሸከማል፤ አንዱ የዕብራይስጥ ቃልም በአማርኛ ለሁለት ይከፈላል። ተርጓሚዎቹ ተሳሳቱ ማለት አይደለም። አማርኛ «ሔሴድ»ን ሙሉ በሙሉ የሚተካ አንድ ቃል ስለሌለው ነው፤ እንግሊዝኛም የለውም።

ይህ ለመድረክ ምን ይጠቅማል? ሆሴዕ 6፥6ን ይውሰዱ፤ ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ 9፥13 እና 12፥7 የጠቀሰውን። በአማርኛችን ከመሥዋዕት ይልቅ የሚፈለገው «ምሕረት» ነው፤ ብዙ ጊዜም «ለድሀ እንራራ» ተብሎ ይሰበካል። ለድሀ መራራት መልካም ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙን ከፍተው «ሔሴድ»ን በሆሴዕ ውስጥ ብቻ ቢፈልጉ፣ ሁለት ቁጥር ከፍ ብሎ በ6፥4 ያው ቃል ይገኛል፤ እዚያ እንደ ማለዳ ደመና የሚጠፋው የኤፍሬምና የይሁዳ «ሔሴድ» ነው። ማለዳ ታይቶ የሚጠፋ ነገር ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ለቃል ኪዳን መታመን ነው። በዚሁ በ6፥6 «እግዚአብሔርን ማወቅ» ከጎኑ መቆሙም ይህን ያጠነክረዋል። ስብከቱ ከምጽዋት ወደ ታማኝነት ሰፋ፤ ይህም የሆነው መዝገበ ቃላት ስለነገረን ሳይሆን ዐውዱ ስላሳየን ነው። ፕሮግራሙ ያደረገው ዐውዱን ፊታችን ማምጣት ብቻ ነው።

በተቃራኒው የሆነውን ደግሞ ልናገር። «ራሐሚም» «ሬሔም» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው፤ «ሬሔም» ማሕፀን ማለት ነው፣ ቁጥሩም 7358። ይህን በፕሮግራም ያገኘሁ ጊዜ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ በሚቀጥለው እሑድ «ምሕረት ማለት ማሕፀን ማለት ነው» ብዬ ሰበክሁ። ጉባኤው እልል አለ። ጄምስ ባር በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ዲ. ኤ. ካርሰንም በ1984 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቁት ግን ይህንኑ ስሕተት ነበር፦ የቃል ሥር የቃል ትርጉም አይደለም። «ይቅርታ» የሚለው ቃላችን «ቀረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ታክሲ ውስጥ እግር የረገጠ ሰው «ይቅርታ» ሲል ግን ስለ መቅረት የሚያስብ የለም። የእናት ፍቅር በእርግጥ ከእግዚአብሔር ርኅራኄ ጋር በተነጻጸረበት ስፍራ፣ ለምሳሌ በኢሳይያስ 49፥15፣ ምስሉን ይስበኩት፤ እዚያ ያመጣው ነቢዩ ራሱ ነውና። በሁሉም ስፍራ ግን ማሕፀን አይፈልጉ።

የስትሮንግ ቁጥሮችም ከየት እንደመጡ ማወቅ ይጠቅማል። ጄምስ ስትሮንግ በ1890 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ በኪንግ ጄምስ ትርጉም ላይ የተመሠረተ ማውጫ ነው፤ በቁጥሩ ሥር የተዘረዘሩት ቃላትም በአብዛኛው ያ ትርጉም የተጠቀመባቸው ናቸው። አንድ ቃል አሥር ፍቺ ስለተዘረዘረለት በአንድ ጥቅስ ውስጥ አሥሩንም ይዞ አይመጣም። በነፃ የሚገኙት ማብራሪያዎችም በብዛት የቅጂ መብታቸው ያለፈ አሮጌ መጻሕፍት ናቸው። ማቲው ሄንሪ ያረፈው በ1714 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለነፍስ ይመግባል፣ ስለ አርኪዮሎጂ ግን አይጠየቅም። የቴየር የግሪክ መዝገበ ቃላትም በ1880ዎቹ የወጣ ነው፤ ከግብፅ አሸዋ የተቈፈሩት ፓፒረሶች ስለ አዲስ ኪዳን ግሪክኛ የነበረውን ዕውቀት የለወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ክፍተት በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚነበበው የኔት ባይብል የተርጓሚዎች ማስታወሻ ይረዳል።

የመጨረሻው ነገር የቁጥር ጉዳይ ነው። መንፈስ በሥጋ ለባሽ ሁሉ ላይ ስለ መፍሰሱ ለመስበክ ኢዩኤል 2፥28ን በዕብራይስጥ ቢከፍቱ አያገኙትም፤ በዚያ የኢዩኤል ምዕራፍ ሁለት በቁጥር 27 ያበቃል፣ የሚፈልጉት ክፍል 3፥1 ነው። በዕብራይስጥ የመዝሙራት ርእስም ብዙ ጊዜ እንደ ቁጥር ስለሚቈጠር «ማረኝ» የሚለው የዳዊት ልመና መዝሙር 51፥3 ላይ ይገኛል። አንዳንዱ ፕሮግራም ይህን ራሱ ያስተካክላል፣ አንዳንዱ አያስተካክልም። ስለዚህ ሁለቱን ዐምዶች ጎን ለጎን ከፍተው፣ ቃል መቈጠር ከመጀመርዎ በፊት አንድ የሚያውቁት የሰው ወይም የአገር ስም በሁለቱም ላይ ይፈልጉ፤ ስሙ በሁለቱም በአንድ መሥመር ላይ ከቆመ ይቀጥሉ።