ከጎማው የጎደለው

ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ የሚወርድ ጭነት መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በየመታጠፊያው ፍሬን ይያዛል፤ አስፋልቱ ጎማውን ይፍቀዋል። ጎሚስታው ሲያወርደው ጥርሱ አልቋል። የቀረው በረባሶ ይሆናል። ያለቀው ጥርስ ግን የት ገባ?

ይህን ጥያቄ ያስነሡት አሜሪካ፣ ሲያትል አካባቢ የሞቱ ዓሦች ናቸው። ኮሆ የተባሉት ሳልሞኖች ዕንቁላል ሊጥሉ ከባሕር ወደተወለዱበት ወንዝ ሲመለሱ፣ ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ ዕንቁላላቸው በሆዳቸው እንዳለ ያልቁ ነበር። ተመራማሪዎች ለዓመታት ሙቀቱን፣ ኦክስጅኑን፣ በሽታውን፣ ፀረ ተባዩን ፈተሹ፤ አንዱም ገዳይ ሆኖ አልተገኘም። ከመንገድ የሚወርደው ጎርፍ ግን ይገድላል።

የጎማ ፍቅፋቂ በውሃ ዘፈዘፉ፤ ዓሦቹ ሞቱ። በዝፍዝፉ ውስጥ ከ2,000 በላይ ኬሚካሎች ነበሩ። ውሃውን እየከፋፈሉ፣ የማይገድለውን እየጣሉ ወደ አንድ ኬሚካል ደረሱ፦ 18 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅን፣ 2 ኦክስጅን። እንዲህ ያለ ነገር ጎማ ውስጥ የሚጨምር ፋብሪካ የለም። ኬሚስቱ ዤንዩ ቲያን ግን ከአንድ የጎማ ቅመም፣ ከ6ፒፒዲ ጋር መቀራረቡን አስተዋለ። 6ፒፒዲ የሚጨመረው የአየሩ ኦዞን ጎማውን እንዳይሰነጥቀው ነው፤ ኦዞኑን ቀድሞ ይጋፈጠዋል። ሲጋፈጠው ግን ተለውጦ 6ፒፒዲ-ኪኖን ይሆናል። ገዳዩ ይኸው ነበር። ግኝቱ በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ።

የተፋቀ ጎማ ከደቃቅ ፕላስቲክ ይቆጠራል፤ በዚያው ዓመት ስለ ዝዋይ ሐይቅ በታተመ ጥናት ደግሞ፣ ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶው ፕላስቲክ ውጠው ተገኝተዋል። ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም።

የሸዋ ሮቢትን መንገድ የሚያጥበው ጎርፍ ወደ ሮቢ ወንዝ ይወርዳል። ሮቢ የይፋትን ማሳ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ያቀናል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ የተሸከመውንም እዚያው ያራግፋል።

ኮሆን የጨረሰው የመንገድ ጎርፍ የቅርብ ዘመዱን ቸም ሳልሞንን አልገደለም። ስለዚህ የሲያትል መልስ ለአምባዛና ለቆሮሶ አይበቃም፤ የእኛ ወንዝ በእኛ ዓሣ መፈተሽ አለበት። ውሃው የሚቀዳውም ክረምቱ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱን ሲያጥብ ነው። በበጋ የመጣ ቀጂ ንጹሕ ውሃ ይዞ ይመለሳል።