ጭቃ የያዘውን መኪና ማውጣት

ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ ሾፌር ሁሉ መኪናው ሊያዝ እንደሚችል ያውቃል። በብዙ የአገራችን ሜዳዎች ላይ መኪና የሚይዘው ጭቃ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር የሚፈጥረው ነው። ይህ አፈር የራሱ ጠባይ አለው፤ መኪናን ከጭቃ የማውጣት ሙያም የሚጀምረው ጠባዩን ከማወቅ ነው።

የአፈር ተመራማሪዎች ይህን አፈር ቨርቲሶል ይሉታል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል፤ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ የሚገኘው በከፍተኛ ቦታዎች ላይ ነው። በዚህ አፈር ስፋት ከአፍሪካ አገሮች የሚቀድሙን ሱዳንና ቻድ ብቻ ናቸው። የበቾ ሜዳ፣ አድአ፣ እነዋሪ፣ ቢቸናና ፎገራ በጥቁር አፈራቸው የታወቁ አካባቢዎች ናቸው። ከአፈሩ ቢያንስ 30 በመቶው እጅግ ደቃቅ ሸክላ ነው። ይህ ሸክላ በስስ ንጣፎች የተደራረበ ስለሆነ ውሃ በንጣፎቹ መካከል ሲገባ ያብጣል፤ በበጋ ውሃው ሲወጣ ደግሞ ይኮማተርና መሬቱ እጅ በሚያስገባ ስፋት ይሰነጠቃል። ዝናቡ ካለፈ በኋላም እርጥበቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ ስለሚቆይ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ይስማሙታል። መኪና የሚያሰምጠው ጭቃ የአድአን ጤፍ የሚያበቅለው አፈር መሆኑን ማወቅ ለመሬቱም ለገበሬውም አክብሮት ይጨምራል።

ዝናብ ሲመጣ የላይኛው ሸክላ አብጦ ስንጥቁን ሁሉ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውሃ ወደ ታች መስረግ ስለማይችል ከላይ ይተኛና መሬቱ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ጎማ መሬት የሚቆነጥጠው በጥርሶቹ ነው። ዋልካ ግን በጥርሶቹ መካከል ተጣብቆ ይሞላዋል፤ ጎማው ጥርስ የሌለው ልሙጥ ይሆናል። ሾፌሩ በዚህ ጊዜ ነዳጅ ከረገጠ ጎማው ባለበት እየተሽከረከረ ከሥሩ ያለውን አፈር ወደ ኋላ ይወረውርና የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። ችግሩን የሚያባብሰው ሌላው ነገር ዲፈረንሻል ነው። ይህ ክፍል መኪና ሲታጠፍ የግራና የቀኝ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ሲሆን፣ በጭቃ ላይ ግን ዙሩን የሚሰጠው ለሚያሟልጨው ጎማ ነው። ስለዚህ አንዱ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር ደረቅ መሬት ላይ ያለው ጓደኛው ቆሞ ይቀራል። ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ ማርሽ ያለው መኪና ይህን ችግር ያቃልለዋል፤ ቁልፉ መግባት ያለበት ግን ጎማው መሽከርከር ከመጀመሩ በፊት ነው።

እንግዲህ መኪናው መንቀሳቀስ እንዳቆመ የመጀመሪያው ሥራ እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሳት ነው። አሥር ሰከንድ የማይሞላ መሽከርከር የአንድ ሰዓት ቁፋሮ ሊያስከትል ይችላል። ቀጥሎ ወርዶ ማየት ይገባል፤ የትኛው ጎማ ሰመጠ? የመኪናው ሆድ መሬት ነክቷል? ማርሚታው በጭቃ ተደፍኗል? ማርሚታው ከተደፈነ ሞተሩ ሳይጠፋ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ በጭስ መመረዝን ስለሚያስከትል አስቀድሞ መጽዳት አለበት።

ከዚህ በኋላ አብዛኛው ሰው ገመድ ይፈልጋል። እኔ ግን አስቀድሞ አካፋና ዶማ ይፈለግ እላለሁ፤ ምክንያቱ ደግሞ በቁጥር ሊታይ ይችላል። ወታደራዊ ተሽከርካሪዎችን መጎተት የሚያስተምሩ መመሪያዎች የሚያስፈልገውን ኃይል በጭቃው ጥልቀት ይገምቱታል። ጎማው እስከ መሀሉ በጭቃ ከተዋጠ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ከመኪናው ሙሉ ክብደት ጋር ይተካከላል። ጭቃው እስከ ጎማው መከለያ ከደረሰ የክብደቱን እጥፍ፣ ከዚያ አልፎ አካሉን ከዋጠ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን አይሱዙ እስከ መከለያው ከሰመጠ የሚጠይቀው ጉልበት 16 ቶን ይደርሳል ማለት ነው። አንድ ሰው ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ሲዝቅና ከሆዱ ሥር ያለውን ሲጠርግ ይህን ቁጥር እያሳነሰው ነው። ጭነቱን ማራገፍም እንዲሁ ክብደቱን ይቀንሳል። ልምድ ያላቸው የጭነት መኪና ረዳቶች ከማንም ቀድመው አካፋ የሚያነሱት ለዚህ ነው።

መኪናውን ወደ መጣበት አቅጣጫ ማውጣትም ይቀላል፤ እነዚሁ መመሪያዎች የሚያስፈልገው ኃይል በ10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይገልጻሉ። የጎማው መስመር ተረግጦ የተበጀ ከመሆኑም በላይ ከኋላ ያለው መሬት መኪና ያለፈበት ነው። ከፊት ያለው ምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ከተቆፈረ በኋላ ጎማው የሚቆነጥጠው ነገር ይነጠፍለታል። ድንጋይ፣ ቅርንጫፍ፣ ገለባ፣ ባዶ ኬሻ፣ የመኪናው የእግር ምንጣፍ ሁሉ ይሠራል። ክሪክ ካለ መኪናውን ከፍ አድርጎ ድንጋዩን በቀጥታ ከጎማው ሥር ማስገባት ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ክሪኩ ራሱ እንዳይሰምጥ ግን ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ያስፈልገዋል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም መግባት የለበትም። የጎማን ንፋስ መቀነስም ይጠቅማል። በአስፋልት ላይ በ35 ፒኤስአይ የሚሄድ የላንድክሩዘር ጎማ ወደ 20 ሲወርድ መሬት ላይ የሚያርፍበት ቦታ ይረዝማል፤ ክብደቱ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ስለሚከፋፈል የመስመጡ ነገር ይቀንሳል። ደረቅ መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን ቀስ ብሎ መንዳትና በአቅራቢያው ባለ ጎሚስታ ማስነፋት ግድ ነው። ሾፌሩ ሲነሳ መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ ነዳጁን በስሱ ረግጦ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ገመድ ወይም ካቦ ይመጣል፤ አደጋውም ከዚህ ይጀምራል። የተወጠረ ካቦ ሲበጠስ ወይም የታሰረበት ብረት ሲነቀል ሰው ሊገድል ይችላል። ገመዱ መታሰር ያለበት ለመጎተቻ ተብሎ በቻንሲው ላይ በተሠራው ቀለበት እንጂ በፓራውልት ላይ አይደለም። የተጎታች ማያያዣ የሆነችው የብረት ኳስ ደግሞ ጨርሶ አይታሰርባትም፤ ስትነቀል እንደ ጥይት ትወረወራለች። ቋጠሮ ገመድን ያደክማል፤ ሁለት ገመድ በብረት ማያያዝም የሚወረወር ብረት ይጨምራል። በገመዱ መሀል ላይ ከባድ ጋቢ ወይም እርጥብ ኬሻ መጣል ገመዱ ቢበጠስ አቅጣጫውን ወደ መሬት ያደርገዋል። ሕፃናትን ጨምሮ ሊያይ የመጣው ሰው ሁሉ ቢያንስ ከገመዱ ርዝመት በላይ ርቆ መቆም አለበት። የተወጠረ ገመድ መሻገር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የሚገፉ ሰዎችም ከጎማው በቀጥታ ኋላ መቆም የለባቸውም፤ ከሥሩ የተነጠፈው ድንጋይ ሊወረወር፣ መኪናውም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው አንድ ብቻ ይሁን።

በገጠር መንገድ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የሚረዳው ያገሬው ሰው ነው። የትኛው የመንገድ ዳር ከሥሩ ድንጋያማ እንደሆነ፣ ውሃው ትናንት እስከየት እንደደረሰ፣ ትራክተር በየትኛው መንደር እንደሚገኝ የሚያውቀው ገበሬው ነው። በእርሻ ጊዜ ሥራውን ትቶ ድንጋይ ተሸክሞ ለሚመጣ ሰው የድካሙን ዋጋ መስጠት ተገቢ ነው እላለሁ፤ አስቀድሞ ተነጋግሮ መስማማት ደግሞ ቅሬታን ያስቀራል። ጭቃውን ለመሸሽ ወደ ማሳ መግባት ግን ገበሬውን በቀጥታ መጉዳት ነው። አንዱ ሾፌር የከፈተውን አዲስ መስመር ሌላው ይከተለዋል፤ የተዘራው ይረገጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ያ መስመር እንደ ፊተኛው ጭቃ ይሆናል።

ይህ ሙያ ዋጋው ከፍ የሚለው ክረምት የጉዞ ማቆሚያ ወቅት ስላልሆነ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ገጠር የሚገባው ዝናቡ በሚቃረብበትና በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ምጥ የያዛትን እናት የሚወስደው አምቡላንስም በጋን አይጠብቅም። ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2003 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ይሁንና ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ መንገድ ጥገና ካላገኘ ቶሎ ይጎዳል። ዋናው የጥገና ሥራ ውሃውን ማባረር ነው፤ የመንገዱ መሀል ከዳሩ ከፍ ማለት፣ በግራና በቀኝ ያለው ቦይ መጠረግ፣ ቱቦዎቹ መከፈት፣ ከላይም ገረጋንቲ መልበስ አለበት።

እርስዎም መኪናዎን ካወጡ በኋላ ከመሄድዎ በፊት ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆዩ። ጎማው የቆፈረውን ጉድጓድ ባመጡት ድንጋይ ይሙሉት፣ ውሃው የሚወጣበትን ትንሽ ቦይ ይቅደዱ፣ የተዋሱትን አካፋ ለባለቤቱ ይመልሱ፤ ከኋላዎ የሚመጣው አምቡላንስ ሊሆን ይችላል።