በባንኮክ የቆዩ የሰፈር ምግብ ቤቶች የገበታ ሥርዓት

በታይ ቋንቋ መብላትን የሚያመለክተው የተለመደ አነጋገር «ኪን ካው» የሚል ሲሆን ትርጓሜው ሩዝ መብላት ማለት ነው። ከሩዙ ጋር የሚቀርበው ወጥ፣ ጥብስ ወይም ሾርባ ሁሉ «ካፕ ካው» ይባላል፤ ይህም «ከሩዝ ጋር» እንደ ማለት ሆኖ በአማርኛ ማባያ ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል። እንግዲህ በዚህ ሕዝብ ዘንድ የገበታው መሠረት ሩዙ ነው፤ የቀረው ሁሉ ለእርሱ የተጨመረ ነው። ይህ ሥርዓት ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው የባንኮክ የሰፈር ምግብ ቤት ነው።

እነዚህ ቤቶች የንግድና የስደት ታሪክ ውጤቶች ናቸው። የሲያም መንግሥት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1855 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የቦውሪንግን ውል ከተዋዋለ በኋላ የሩዝ ንግድ ተስፋፋ፤ ከደቡብ ቻይናም ብዙ ሠራተኞችና ነጋዴዎች፣ ይልቁንም የቴቺው ተወላጆች፣ ወደ ባንኮክ ገቡ። ቻሮን ክሩንግ የተባለው ጎዳና በ1864 ከተፈጸመ ወዲህ ምድር ቤታቸው ሱቅ፣ ፎቃቸው መኖሪያ የሆኑ ተያያዥ ቤቶች በዳርና በዳሩ ተሠሩ። ከሃይናን ደሴት የመጡ ወጥ ቤቶችም በኤውሮፓውያን ዘንድ ሲያገለግሉ የተማሩትን ሙያ ይዘው የራሳቸውን ምግብ ቤት ከፈቱ። ስለዚህ በአንዳንዱ አሮጌ ቤት በቀስታ የበሰለ የበሬ ምላስ በኮኮነት ወተት ከተሠራው የታይ ወጥ ጎን ለጎን ሲቀርብ ይታያል።

የቤቱ አሠራር ቀላል ነው። ፊቱ ወደ መንገድ የተከፈተ ነው፤ ጎድጓዳው የብረት መጥበሻ ብዙውን ጊዜ በደጃፉ አጠገብ ይጣዳል፤ ባለቤቶቹም በፎቁ ይኖራሉ። የቻይና ዘር ባላቸው ቤቶች የቦታውን ጠባቂ መንፈስ ለማክበር ቀይ መቅደስ በወለሉ ላይ ይቀመጣል። ደንበኛው ባለቤቶቹን በዝምድና ስም ይጠራቸዋል፤ በዕድሜ የገፋችውን ሴት «ፓ»፣ ሽማግሌውን «ሉንግ»፣ የቻይና ተወላጁን ታላቅ ወንድም «ሂያ» ይላል። በዚህም አጠራር ሻጭና ገዥ እንደ ቤተ ዘመድ ይሆናሉ።

ብዙ ሰዎች አብረው በተቀመጡ ጊዜ ለየራሳቸው ምግብ አያዙም። ምግቡን የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ታላቁ ወይም ጋባዡ ነው፤ ሲመርጥም ሚዛን ይጠብቃል። አንዱ የሚያቃጥል ወጥ ከሆነ ሌላው ለስላሳ ሾርባ፣ አንዱ ጥብስ ከሆነ ሌላው በሎሚ የኮመጠጠ «ያም» ይሆናል። ምግቡ በተራ የተከፋፈለ አይደለም፤ እንደ በሰለ ይመጣና በመካከል ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው የራሱ ሩዝ ብቻ ነው። ከመካከሉ ሳሕን በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ብቻ ይወሰዳል፤ በሳሕን ላይ መከመር እንደ ስስት ይቈጠራል። ሕፃናትም ለሌላው ማሰብን ከሚማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ገበታ ነው።

በጥንት ጊዜ ሕዝቡ የሚበላው በእጁ ነበር። ማንኪያና ሹካ በንጉሥ ቹላሎንግኮርን ዘመን (1868–1910) በቤተ መንግሥቱ ተለምዶ ቀስ በቀስ ወደ ሕዝቡ ወረደ፤ አያያዙ ግን ከኤውሮፓው ተለየ። ማንኪያው በቀኝ እጅ ሆኖ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ሹካው በግራ እጅ ሆኖ ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል። ሥጋው አስቀድሞ ተቈራርጦ ስለሚሠራ ቢላዋ በገበታው ላይ አያስፈልግም። እንደ ገመድ የረዘመውን የሩዝ ሊጥ በሾርባ ለመብላት ግን የቻይናውያን ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ይቀርባሉ።

ምግቡ የጋራ ቢሆንም የእያንዳንዱ ሰው ምላስ አልተዘነጋም። በተለይ ለሩዝ ሊጡ ምግብ በየጠረጴዛው አራት ነገሮች ይቀመጣሉ፤ እነርሱም ቃሪያ የተከተፈበት የዓሣ መረቅ፣ ቃሪያ ያለበት ኮምጣጤ፣ የተፈጨ ደረቅ በርበሬና ስኳር ናቸው። ተመጋቢው ጨውን፣ ኮምጣጣውን፣ ቃጠሎውንና ጣፋጩን እንደ ወደደ ያስተካክላል፤ ይህን በማድረጉም ወጥ ቤቱን አያስቀይምም። የአሮጌው ምግብ ቤት ጥበብ ያለው የማኅበሩን ሥርዓትና የግለ ሰቡን ፈቃድ በአንድ ጠረጴዛ በማስማማቱ ነው።

ይህ ስምምነት ከጥንት ጀምሮ ሳይናወጥ የኖረ አይደለም። ሲያም በ1939 ታይላንድ ተብላ በተሰየመችበት በፊቡን ሶንግክራም መንግሥት (1938–1944) ሕዝቡ የሩዝ ሊጥ እንዲበላና እንዲሸጥ ተበረታታ፤ «ፓድ ታይ» የተባለው ጥብስም በዚሁ ጊዜ የአገር ምግብ የሚል ስም እያገኘ ሄደ። እንዲህ ያለው ምግብ «አሃን ቻን ዲያው»፣ ማለት የአንድ ሳሕን ምግብ ነው፤ ብቻውን ለሚበላና ለሚቸኩል የከተማ ሠራተኛ ይስማማዋል። አሮጌዎቹ ቤቶችም በቀትር አንድ ሳሕን ለብቸኛው፣ በማታ ብዙ ሳሕን ለቤተ ሰቡ እያቀረቡ ሁለቱን አስታርቀው ኖሩ።

አሁን ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን እያዘነበለ ነው። በ2019 የምድር ውስጥ ባቡር በቻሮን ክሩንግ ሥር አልፎ ወደ ቻይናውያን ሰፈር ሲደርስ በኪራይ መሬት ላይ ለሚኖሩ ቤቶች የመፈናቀል ሥጋት ጨመረ። የተማሩት ልጆችም ከምድጃው ፊት ለመቆም ሁልጊዜ ፈቃደኞች አይደሉም። በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት በምግብ ቤት ተቀምጦ መብላት በባንኮክ በተከለከለ ጊዜ ምግቡ በየሳጥኑ ታሽጎ በሞተር ብስክሌት ወደየቤቱ ተላከ፤ ክልከላው ከተነሣ በኋላም ልማዱ ቀረ። ሳጥኑ የወጡን ጣዕም ሊያደርስ ይችላል፤ የታላቁን ምርጫ፣ የመካከሉን ሳሕንና አንድ ማንኪያ ብቻ የመውሰድን ትሕትና ግን አያደርስም። የወጡ አሠራር በጽሑፍ ሊቈይ ይችላል፤ የገበታው ሥርዓት ግን የሚቈየው ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እስከ ተቀመጡ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የሰፈር ምግብ ቤት በተዘጋ ቍጥር ሰፈሩ የጋራ ሕጉን ከሚያስተምርባቸው ስፍራዎች አንዱን ያጣል።