ፖርትፎሊዮ፦ ወደ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ የሚያስገባው የሥራ ስብስብ

ፖርትፎሊዮ አንድ ተማሪ ወደ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ ለመግባት ሲያመለክት ከራሱ ሥራዎች መርጦ የሚያቀርበው ስብስብ ነው። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ውጤት፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤና ድርሰትም አብረው ይጠየቃሉ፤ በሥነ ጥበብ ኮሌጆች ግን ሚዛኑን የሚደፋው አብዛኛውን ጊዜ ፖርትፎሊዮው ነው። የሥራዎቹ ብዛት እንደየኮሌጁ ይለያያል። በ1877 በፕሮቪደንስ ከተማ የተመሠረተው ሮድ አይላንድ ስኩል ኦፍ ዲዛይን ከ12 እስከ 20 ሥራዎችን ይጠይቃል።

አስቀድሞ መወሰን ያለበት የዲግሪው ዓይነት ነው። ቢ.ኤፍ.ኤ. የሚባለው ዲግሪ ከትምህርቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በስቱዲዮና በሥነ ጥበብ ኮርሶች ያሳልፋል፤ ቢ.ኤ. ሥዕልን ከታሪክ፣ ከሳይንስ ወይም ከቋንቋ ጋር አጣምሮ መማር ለሚፈልግ ሰፊ ቦታ ይተዋል። በ1970 በአዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምህረቱ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያገኘችው ካላማዙ ከሚባል የጠቅላላ ትምህርት ኮሌጅ ነው፤ ማስተርሷን በ1997 ከሮድ አይላንድ ስኩል ኦፍ ዲዛይን ወሰደች። ስለዚህ በ18 ዓመቱ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ ያልገባ ወጣት በሩ ተዘግቶበታል ብሎ መደምደም አይገባም።

ተማሪውን የሚያግዘው ሰው የሥነ ጥበብ መምህር፣ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ አንዳንዴም በሙያው ያለ ዘመድ ይሆናል። ተማሪን እንዲህ ማገዝ ከሚገባው ክብር ያነሰ የሚሰጠው ሥራ ነው። የትምህርት ቤት አማካሪዎች ስለ ድርሰትና ስለ ፈተና ውጤት በቂ እውቀት አላቸው፤ ስለ ፖርትፎሊዮ ግን ጠንቅቆ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የአጋዡ ዋና ተግባር ተማሪው ራሱ ሊያደርገው የሚከብደውን ማድረግ ነው፤ ይኸውም ብዙ ከተደከመበት ሥራ መካከል የትኛው መቅረት እንዳለበት መንገር። ሦስት ወር የፈጀ ሥዕል ደካማ ሊሆን ይችላል፤ በሃያ ደቂቃ የተነደፈው ደግሞ የስብስቡ ምርጥ ሊሆን ይችላል። ይህን ለወጣት መንገር ፍቅርም ድፍረትም ይጠይቃል። እርሳስ አንሥቶ ጥላውን “ትንሽ ማስተካከል” ግን ከአጋዥ የሚጠበቅ አይደለም። የሁለት ሰው እጅ ያረፈበት ሥራ ለሠለጠነ ዓይን ወዲያው ይታወቃል፤ ሥራው የአመልካቹ ብቻ መሆን አለበት የሚለውን የኮሌጆቹን ደንብም ይጥሳል።

በዝግጅቱ ሁሉ ዋነኛው፣ ከሁሉ ይበልጥም በተሳሳተ መንገድ የሚታየው ጉዳይ በዓይን እያዩ መንደፍ ነው። በብዙ ቤቶች የልጁ ተሰጥኦ የሚመሰከረው ከፎቶ ላይ በተገለበጠ የእርሳስ ሥዕል ነው፤ የታወቀ ዘፋኝ፣ ሯጭ ወይም በሕይወት የሌለ አያት ፊት እያንዳንዱ ፀጉር ሳይቀር ተለቅሞ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። ቤተሰብ ያደንቃል፣ ሥዕሉ በመስታወት ገብቶ ሳሎን ይሰቀላል። ልጁ ታጋሽና እጀ ብልህ መሆኑን ያሳያል፤ ይህም የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ኮሌጁ ሊያውቀው የሚፈልገውን አይነግረውም። ሦስት ገጽታ ያለውን ዓለም ወደ ጠፍጣፋ ምስል የመለወጡን ከባድ ሥራ ካሜራው አስቀድሞ ጨርሶታል። ምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚቆም፣ የቱ ብርሃን የቱን ቅርጽ እንደሚያወጣ፣ የትኛው መስመር ጠንክሮ የትኛው እንደሚላላ የወሰነው ካሜራውና ፎቶ አንሺው ናቸው። ለተማሪው የቀረው ግራጫውን በግራጫ መተካት ብቻ ነው። ከአኒሜና ከፊልም ገጸ ባሕርያት ላይ የሚገለበጡ ሥዕሎችም ይኸው ድክመት አለባቸው፤ እንዲያውም በእነሱ ላይ የተማሪው ሳይሆን የሌላ ሠዓሊ ምርጫ ነው የሚታየው።

ከፎቶ በመገልበጥና በዓይን እያዩ በመንደፍ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ብስክሌትን መመልከት ይበቃል። ሮድ አይላንድ ስኩል ኦፍ ዲዛይን ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱን አመልካች ብስክሌት በእርሳስ እንዲነድፍ ያዝ ነበር። ዛሬ ቦታውን ሰፋ ያሉ የፈጠራ ጥያቄዎች ተክተውታል፤ ሆኖም ከዚያ የተሻለ ፈተና ማግኘት ይከብዳል። ብስክሌትን የማያውቅ የለም፤ በልቡ በትክክል መሳል የሚችል ግን ጥቂት ነው። ጣሊያናዊው ዲዛይነር ጃንሉካ ጂሚኒ ከ2009 ጀምሮ ያገኛቸውን ሰዎች ብስክሌት በትውስታ እንዲስሉለት እየጠየቀ በመቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎች ሰበሰበ። አብዛኞቹ ቢሠሩ ሰው ሲቀመጥባቸው የሚሰበሩ ወይም ጨርሶ የማይዞሩ ብስክሌቶች ነበሩ። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሬቤካ ሎውሰን በ2006 ባሳተመችው ጥናትም ብዙ ሰው ሰንሰለቱን የፊቱንና የኋላውን ጎማ እንዲያገናኝ አድርጎ እንደሚያስቀምጥ ታይቷል። እንዲህ ያለ ብስክሌት መሪው ሊታጠፍ አይችልም። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር የሚያውቀው መስሎት ይኖራል፤ እርሳስ ሲጨብጥ ነው አለማወቁ የሚገለጥበት።

ተማሪው እውነተኛ ብስክሌት ፊት ሲቀመጥ ተራ በተራ ችግር ይገጥመዋል። ከጎን በኩል ካልሆነ በስተቀር ጎማው ክብ ሆኖ አይታይም፤ የተጨመቀ እንቁላል ይመስላል፤ የሁለቱ ጎማዎች መጠንና አቅጣጫም መስማማት አለበት። አእምሮ “ጎማ ክብ ነው” እያለ ይሞግታል፤ ዓይን የሚያየው ሌላ ነው። ዋናው አካል የሚሠራው ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ጎን ለጎን ሲገጥሙ ነው፤ የአንዱ ቧንቧ አንግል በጥቂቱ ቢሳሳት ሁሉም ይዛነፋል። ልምድ ያለው መምህር በዚህ ጊዜ ተማሪው ቧንቧዎቹን ትቶ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ እንዲስል ያዘዋል። ባዶው ቦታ ስም ስለሌለው አእምሮ ጣልቃ አይገባበትም፤ ቅርጹ እንደሚታየው ይወጣል፣ ቧንቧዎቹም በየቦታቸው ይገኛሉ። የጎማዎቹን ቀጫጭን ሽቦዎች በሙሉ ለመሳል የሚሞክር ተማሪ ይሸነፋል። የትኛውን እንደሚያሳይ፣ የትኛውን በጭላንጭል እንደሚተው የሚመርጥ ደግሞ ሠዓሊ እየሆነ ነው። ገምጋሚዎች የሚፈልጉት ይህን ምርጫ ነው።

ብስክሌት የሌለው ቤት ችግር የለበትም። ጀበናና ሲኒ የተደረደሩበት ረከቦት፣ በር ላይ የተከመረ ጫማ፣ እጅ፣ በመስኮት የሚታይ ደረጃ ሁሉም ይበቃሉ። ሲኒ አፉና ቂጡ የተለያየ ስፋት ያላቸው የተጨመቁ ክቦች ሆነው ስለሚታዩ ከብስክሌት ጎማ ያልተናነሰ አስተማሪ ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ነገሩ በተማሪው ፊት መኖር አለበት።

ስብስቡ በሙሉ እያዩ የተነደፈ መሆን አለበት ማለት አይደለም። ከሃሳብ የመነጩ ሥራዎች፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ፎቶግራፍ፣ ልብስ፣ አኒሜሽን ሁሉ ይገባሉ። ኮሌጆች ከችሎታው ባሻገር ተማሪው በአንድ ጉዳይ ላይ ቆይቶ መመራመር መቻሉን ማየት ይወዳሉ። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የኤ.ፒ. የሥነ ጥበብና ዲዛይን ፈተና ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ አንደኛው ክፍሉ በአንድ የምርምር ጥያቄ ዙሪያ የተሠሩ 15 ምስሎችን ይጠይቃል፣ የውጤቱንም 60 በመቶ ይይዛል፤ ሁለተኛው 5 የተመረጡ ሥራዎች ናቸው። የንድፍ ደብተርም አይጣል። የተሰረዘ፣ የተደገመ፣ ማስታወሻ የተጻፈበት ገጽ ተማሪው እንዴት እንደሚያስብ ያሳያል። ደብተሩን ለኮሌጅ ሲባል እንደ አዲስ አሳምሮ የሚገለብጥ ተማሪ ዋጋ ያለውን ነገር ራሱ ያጠፋል።

በ1859 በፒተር ኩፐር የተመሠረተው የኒውዮርኩ ኩፐር ዩኒየን አመልካቾችን የሚመዝንበት ሌላ ዘዴ አለው። ከፖርትፎሊዮው በተጨማሪ ለአመልካቾቹ አጫጭር የፈጠራ ጥያቄዎችን ይልካል፤ ተማሪው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በፈለገው ዘዴ መልሶ ያቀርባል። ትክክለኛ መልስ ስለሌላቸው ማጥናት አይቻልም፤ ደፍሮ መሞከር ብቻ ነው የሚያዋጣው። በጎንደር ተወልዶ በኒውዮርክ ብሮንክስ ያደገው አርቲስት አወል ኤሪዝኩ የዚህ ኮሌጅ ምሩቅ ነው።

ከማመልከቻው በፊት ሥራን ለባለሙያ የማሳያ ዕድል አለ። ከ1978 ጀምሮ በአሜሪካ የሚካሄደው ብሔራዊ የፖርትፎሊዮ ቀን የብዙ ኮሌጆችን ተወካዮች በአንድ አዳራሽ ይሰበስባል፤ ተማሪዎች በነጻ ገብተው ሥራቸውን ፊት ለፊት ያስገመግማሉ። ያልተጨረሰ ሥራም ይታያል። ጥበበኛ አጋዥ ተማሪውን የሚልከው ከማመልከቻው አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው፤ አስተያየቱን ሰምቶ አዲስ ሥራ ለመሥራት ጊዜ ይኖረዋልና። ወላጅ አብሮ ቢሄድ መልካም ነው፤ ከገምጋሚው ጋር መነጋገር ያለበት ግን ልጁ ራሱ ነው። “ሥዕል እንጀራ አይሆንም” የሚል ቤተሰብ ስለ ግራፊክ፣ ስለ ምርት ዲዛይንና ስለ አኒሜሽን ሥራዎች በዚያው ቀን ጠይቆ መረዳት ይችላል።

ሥራዎቹ ዛሬ የሚላኩት ስላይድሩም በመሰሉ የኢንተርኔት መድረኮች ስለሆነ ገምጋሚው የሚያየው ፎቶውን ነው። በጥንቃቄ ጉድለት ብዙ መልካም ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉ ከመስታወቱ ይውጣ፤ ፀሐይ በቀጥታ በማታርፍበት መስኮት አጠገብ ይሰቀል፤ ካሜራው ከሥዕሉ መሃል ጋር ትይዩ ይሁን። ጠርዙ ይከርከም፤ የአልጋ ልብስ፣ ምንጣፍ ወይም የያዘው ሰው ጣት አይታይ። የቀለሙ መልክ ከዋናው ጋር ይመሳከር፤ በስልክ ማጣሪያ ማሳመር ግን አይፈቀድም። ለቅርጻ ቅርጽ ከአንድ በላይ አቅጣጫና አንድ የቅርብ ፎቶ ያስፈልጋል።

ከሥራዎቹ ጋር የሚቀርበው ጽሑፍ አጭርና የተማሪው የራሱ ቃል ይሁን። “ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሥዕል እወድ ነበር” የሚለው መግቢያ ለገምጋሚው አዲስ ነገር አይነግርም፤ አንድን ሥራ ለምን እንደሠራው፣ መሃል ላይ ምን እንደለወጠ መጻፍ ይሻላል።

የማመልከቻ ቀናት ብዙውን ጊዜ ከኖቬምበር መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ፌብሩዋሪ ይዘልቃሉ። የማመልከቻ ክፍያ ለሚከብደው ቤተሰብ ነጻ መደረግ ስለሚችል መጠየቅ ተገቢ ነው። የመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ ቅጽ፣ ፋፍሳ የሚባለው፣ ለብቻው ይሞላል። ብዙ የግል ኮሌጆች በፖርትፎሊዮው ጥራት ላይ ተመሥርተው የገንዘብ ሽልማት ይሰጣሉ፤ ኩፐር ዩኒየን ለተቀበላቸው ሁሉ ቢያንስ የትምህርት ክፍያውን ግማሽ ይሸፍናል። ተማሪው የመጨረሻ ውሳኔውን የሚያሳውቅበት ቀን በአብዛኞቹ ኮሌጆች ሜይ 1 ነው፤ ከዚያ በፊት የየኮሌጁን የዕርዳታ ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጦ ስጦታውን ከብድሩ መለየት ያስፈልጋል።