ኬላ ሲዘጋ የጉልበት ዋጋ

ጦርነት የሠራተኛን እንቅስቃሴ ሲገታ ደመወዝ በየቦታው አንድ ዓይነት መንገድ አይከተልም። ሠራተኛ በጠፋበት ጉልበት ይወደዳል፤ መውጫ ያጣ ሠራተኛ በተከማቸበት ደግሞ ይረክሳል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት የታዩት በእስራኤልና በዌስት ባንክ ነው።

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በፊት ከ100,000 የሚበልጡ የዌስት ባንክ ፍልስጤማውያን እስራኤል ውስጥ ይሠሩ ነበር። ብዙዎቹ ሌሊት ተነሥተው ኬላ ላይ ተሰልፈው፣ ሲነጋ ፌሮ የሚያስሩ፣ ግድግዳ የሚለስኑ፣ ሴራሚክ የሚያነጥፉ የግንባታ ሰዎች ነበሩ። የቀን ክፍያቸው በአገራቸው ከሚያገኙት እጥፍ ገደማ ነበር። በዚያ ቀን ከደረሰው የሐማስ ጥቃት በኋላ የመግቢያ ፈቃዳቸው ታገደ። በእስራኤል በርካታ ግንባታዎች ቆሙ፤ የቀሩት ባለሙያዎች ዋጋ ጨመረ። ጭማሪው ግን ልክ አለው፤ ሥራው ራሱ ከቆመ ቀጣሪ የለም፣ መንግሥትም ከሕንድ የግንባታ ሠራተኛ ማስመጣት ጀመረ።

የዌስት ባንኩ ጉዳት እጅግ የከፋ ነው። 13 በመቶ ገደማ የነበረው ሥራ አጥነት በጥቂት ወራት ውስጥ ከ30 በመቶ አለፈ። ከሥራ የተመለሰው ግንበኛ ላለችው ጥቂት ሥራ ከጎረቤቱ ጋር ይሻማል። ያመጣው የነበረው ገንዘብ ሲቀር ቤት የሚያሠራውም፣ ከሱቅ የሚገዛውም ይቀንሳል፤ ኬላ ተሻግሮ የማያውቀው የሱቅ ተቀጣሪም ገቢው ይነካል።

እንዲህ ባለ ጊዜ አማካይ ደመወዝን ማመን ያሳስታል። ዝቅተኛ ተከፋዮች ቀድመው ከሥራ ሲወጡ፣ ለማንም ሳይጨመር አማካዩ ከፍ ሊል ይችላል።