የፋብሪካ መለኪያዎች መረጃና የአስመጪው ጥንቃቄ

በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይውል የነበረው ታላቁ ገበያ፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ወደ መርካቶ እስኪዛወር ድረስ፣ የአዲስ አበባ ንግድ እምብርት እንደ ነበር ይታወቃል። በዚያ ዘመን ቡናና የዝሆን ጥርስ በፈረሱላ ይመዘኑ ነበር። ይሁን እንጂ የፈረሱላ ክብደት እንደ ዕቃው ዐይነትና እንደ አገሩ ይለያይ ስለ ነበር፣ «ዐሥር ፈረሱላ» ተብሎ የተነገረ ቍጥር ብቻውን በቂ አልነበረም፤ «የምን ፈረሱላ? የየት አገር ፈረሱላ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ልኩ ያልታወቀ ቍጥር ለሻጭም ለገዥም የክርክር ምንጭ ነውና።

ይኸው ጥያቄ ዛሬ ደግሞ የፋብሪካ መሣሪያ ለሚያስመጡ ነጋዴዎች በሌላ መልክ ይቀርባል። አንድ የዘይት ወይም የሳሙና ፋብሪካ ሲተከል፣ ንድፉን የሚሠራው መሐንዲስ የግፊት፣ የሙቀትና የፍሰት መለኪያዎችን ሁሉ በንድፍ ሶፍትዌር ይመዘግባል። ሥራውን የሚመራው የሂደት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ አገርና ከሌላ ሻጭ የሚገዛ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያውን መዝገብ በቀጥታ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺሕ የሚቈጠሩ መለኪያዎች መረጃ እንደ ገና በእጅ ይጻፋል።

የስሕተቱ አደጋ በምሳሌ ቢታይ ይገባል። የቦይለር ግፊት መለኪያ ወደ መቆጣጠሪያው የሚልከው ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሆነ የኤሌክትሪክ ጅረት እንጂ ባር አይደለም። መለኪያው ከ0 እስከ 16 ባር የተስተካከለ ሆኖ ሳለ፣ ጸሓፊው በመቆጣጠሪያው ላይ ከ0 እስከ 10 ባር ብሎ ቢመዘግብ፣ እውነተኛው ግፊት 8 ባር ሲደርስ ሠራተኛው የሚያየው 5 ባር ነው። የማስጠንቀቂያው ደወል በ7 ባር እንዲጮህ ቢታዘዝ፣ የሚጮኸው ግፊቱ 11.2 ባር ሲሆን ነው። መለኪያው ደኅና ነው፤ መቆጣጠሪያውም ደኅና ነው፤ የጠፋው በሁለቱ መካከል ያለው ስምምነት ነው።

በታላላቆቹ አገሮችም እንዲህ ያለ ጥፋት ደርሷል። በ1991 ዓ.ም. ከአሜሪካ ወደ ማርስ የተላከችው የምርምር መንኵራኵር በመስከረም 1992 ዓ.ም. የጠፋችው፣ አንደኛው ወገን በፓውንድ ያሰላውን ኃይል ሌላው ወገን በኒውተን እንደ ተሰላ አድርጎ ስለ ተቀበለው ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተፈልጎለታል። እ.ኤ.አ. በ1949 በጀርመን የተመሠረተው ናሙር የተባለው የሂደት ኢንዱስትሪ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ኤን ኢ 150 የተባለውን የውሳኔ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2014 አውጥቷል። በዚህ መሠረት የንድፍ ሶፍትዌሩና የመቆጣጠሪያው ሥርዓት የየመለኪያውን መለያ ስም፣ የልክ ወሰን፣ መስፈርትና የማስጠንቀቂያ ገደብ በአንድ በታወቀ ቅርጽ ይለዋወጣሉ። ልውውጡም በሁለቱም አቅጣጫ ነው፤ በተከላው ቦታ የተለወጠው ነገር ተመልሶ ወደ ንድፉ መዝገብ ይገባል።

እንግዲህ አስመጪው ውል ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የመለኪያዎቹ ዝርዝር በታተመ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ኮምፒዩተር ሊያነበው በሚችል ሠንጠረዥ እንዲሰጠው፤ ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ መለኪያ መለያ ስሙ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ልኩ፣ መስፈርቱና የማስጠንቀቂያ ገደቡ እንዲጻፍ፤ ሦስተኛ፣ ፋብሪካው ከመነሣቱ በፊት የንድፉና የመቆጣጠሪያው መዝገብ መስመር በመስመር እንዲመሳከርና የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ በኋላ እንዲፈጸም ነው።

መለዋወጫ የሚሸጥ ባለሱቅም ከዚህ ምክር ውጭ አይደለም። አንድ ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ነው፤ ደንበኛው «ባለ 100 መለኪያ ስጠኝ» ሲለው «100 ምን?» ብሎ መጠየቅ ለሁለቱም ይበጃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዕቃው ከወደብ ሳይነሣ የሚጠየቅ ጥያቄ ርካሽ ነው፤ ቦይለሩ ከጋለ በኋላ የሚገኝ መልስ ግን በገንዘብ ብቻ አይከፈልም።