የኤስትሮጅን ተቀባይ ፕሮቲን እና የጡት ካንሰር ሕክምና በወለጋ

የኤስትሮጅን ተቀባይ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበል፣ በአንዳንድ የሰውነት ሕዋሳት ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። በጡት ካንሰር ሕክምና ሁለት ጥቅም አለው። በዕጢው ውስጥ መገኘቱ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ይጠቁማል፤ በዚህም ባዮማርከር ይባላል። መድኃኒቱ የሚያነጣጥረውም በዚሁ ፕሮቲን ላይ ነው።

ሆርሞኑ ከተቀባዩ ጋር ሲጣመር ሕዋሱን የሚያራቡ ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ። ታሞክሲፌን የሆርሞኑን ቦታ በመያዝ ይህን ያግዳል። መድኃኒቱ ርካሽ እንክብል ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በቀን 20 ሚሊግራም ለ5 ዓመት ይወሰዳል። ፕሮቲኑ በሌለበት ዕጢ ላይ ግን አይጠቅምም። በትልቁ አንጀት ካንሰር ነገሩ ይከብዳል፤ ሴቱክሲማብ ኢጂኤፍአር የተባለውን ፕሮቲን ቢያነጣጥርም፣ ራስ የሚባሉት ጂኖች ከተለወጡ አይሠራም። በደም ሥር ስለሚሰጥም ሆስፒታል መመላለስን ይጠይቃል።

ተቀባዩ መኖሩ የሚታወቀው ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ነው። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል፣ በፓራፊን ሰም ይደርቃል፣ በስሱ ይቆረጣል፤ ከዚያም ፕሮቲኑን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ ይቀለማል። ከካንሰሩ ሕዋሳት 1 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከቀለሙ ውጤቱ «አለ» ይባላል። ትልቁ ችግር የሚፈጠረው ግን ከላቦራቶሪው በፊት ነው። ናሙናው በተቆረጠ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ እዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት። ከዘገየ ፕሮቲኑ ይበላሻል፤ በእርግጥ ያለውም «የለም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከጊምቢ ወዲያ ያሉት ከተሞች ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ በሚላክ ናሙና ላይ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጥንቃቄ የላቦራቶሪውን ያህል ይወስናል።

የአፍሪካውያን ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው ይህ ተቀባይ የለውም የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ከ352 ዕጢዎች ተቀባይ ያልተገኘባቸው 35 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል በእንክብሉ ሊታከሙ የሚችሉ ነበሩ ማለት ነው። ምርመራ በማይገኝበት ቦታ ታሞክሲፌን መስጠት ተገቢ ነው የሚለው ሐሳብም ከዚሁ ይነሳል። ጉዳቱ፣ ተቀባይ የሌላቸው ሴቶች የማይጠቅማቸውን መድኃኒት ለዓመታት ይውጣሉ።

በምዕራብ ወለጋ በሚገኘው የአይራ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የታከሙ 107 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ተጠንተው ውጤቱ በ2018 ታትሟል። ዋናዎቹ ሕክምናዎች ቀዶ ሕክምናና ታሞክሲፌን ነበሩ። በዚያን ጊዜ የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ብዙዎቹ ሴቶች የመጡት ዕጢው ካደገ በኋላ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው።